አዛናው ዘገየ

ከፒያሳ በታች፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ቆርቆሮ ቀብቼ የገፋሁት ዘመን፣
የስንት ፋርማሲ፣ የስንት ሆቴል ስም፣
ጽፌያለሁ በእጄ፤ የራሴን አልጻፍሁም።

አንድ ቀን መጣልኝ መምህር አዛናው፣
ከእጅጌው ጠመኔ ዛሬም ያልለቀቀው፤
«ለክልል ምክር ቤት ልወዳደር ነበር፤
ስሜን አጉላልኝ፣ ከጫፍ እስከ ዳር።»
ምልክቱ መሰላል፣ በዕጣ የደረሰው፤
አምስት እርከን ብሥል «ጨምር» አለኝ፣ «የልጅ እግር አጭር ነው።»

ሸራው ተሰቀለ መስቀል አደባባይ፤
አንዱ መንገደኛ አንጋጦ ወደ ላይ፣
«አዛናው ዘገየ»… አነበበና ሳቀ፤
«ሳይመረጥ ገና መዘግየት አወቀ!»
መምህሩ አልተቆጣም፤ «እውነት ነው» አለና፣
«አያቴ አባቴን የወለደችው በእርጅና፤
ዘገየ እንጂ ልጇ፣ አልቀረም እኮ» አለ።
በማግሥቱ ከስሙ ሥር ይህ ተጽፎ ዋለ፦
ከመቅረት መዘግየት።

ዳገቱ ላይ ውኃ የሚመጣው ሌሊት፣
በሳምንት አንድ ቀን፣ ሲሆን ስምንት ሰዓት፤
ጀሪካን ተሰልፎ፣ ሰው ቆሞ ሲያንቀላፋ፣
«ቧንቧ ከአንገረብ!» አለ፤ ሰፈሩ ሞላ በተስፋ።
መረጡት።

ከአዘዞ ሚኒባስ ይዞ ባሕር ዳር ወረደ፣
የወንድሙ ከረባት አንገቱን እያነቀው።
ክፍል ውስጥ ሳለ ሕጉ ቀላል ነበረ፦
ያልገባው እጁን ያወጣል።
አዳራሹ ውስጥ ግን
የገባውም ያልገባውም እጁን ያወጣል፤
ጸሐፊው ይቆጥራል፣
«በሙሉ ድምፅ» ይላል።
እሱም እንደ አገሩ ሊቅ፣ ሌሊት አልጋው ላይ ያትታል፦
ድምፅ ማለት ጩኸት ነው፤
አንድም፣ ድምፅ ወረቀት ነው፤
አንድም፣ ድምፅ ማቀርቀር ነው፤ ሙሉ ሲሆን አይሰማም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ፣
ለመጠየቅ አወጣ፦ «የቧንቧውስ ጉዳይ?»
ሰብሳቢው ሰዓት አዩ። «በጽሑፍ ያቅርቡ።»
አቀረበ። ጽሑፎቹ ተደራረቡ።

ለዕረፍት ሲመጣ፣ ከጃንተከል ዋርካ ሥር፣
ሰላምታ አላጣም፤ ግን ሁሉም ሲጀምር
«ውኃውስ?» ነው። መንገድ ቀየረ በቀሃ በር፤
ውኃ የሚሸሽ ሰው ይሄድ ነበር በወንዝ ዳር።

አምስት ዓመት ሞላ። ያንኑ ሸራ አጥቤ፣
የፈዘዘውን ፊደል አደስሁ ተጠብቤ።
አንድ ጎረምሳ ከሥሩ በከሰል ጨመረ፦
«ውኃውም።»
በአርባ አንድ ድምፅ አለፈ። ከበሮም አልነበረ።

በሦስተኛው ምርጫ መጣበት አንድ ወጣት፣
ብሩሽ ያልነካው ባነር፣ ፎቶ ያለበት፣
ጥርሱ የሳሙና ማስታወቂያ መስሎ።
የአዛናውን እኔ ጻፍሁ፣ በዱቤ፣ ቶሎ ቶሎ።

ውጤቱ ተለጠፈ በትምህርት ቤቱ በር፣
እሱ ባስተማረበት። ቆሞ ሲደምር፣ ሲደምር፣
ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ግድግዳው ላይ፣
ስሕተት አገኘ፤ ዘጠኝ ድምፅ፣
ለእሱ ያደላ፣ ያለቦታው የገባ።
ታዛቢው «ይተዉት» አለ፣ «ያው ተሸንፈዋል።»
«ሒሳብ ነው» አለ።
አስመዘገበና ሽንፈቱን በዘጠኝ አሳደገ።

ከዓመት በኋላ ቧንቧው ዳገቱን ወጣ።
የምረቃው ሰሌዳ ወደ እኔ ቤት መጣ፤
«እገሌ በተገኙበት፣ እገሌ መረቁት»፤
እንደታዘዝሁ ጻፍሁ፣ ገንዘቤን ተቀበልሁት።
ቀይ ቀለም ተርፎኝ ነበር፣ ለአንድ መስመር የሚበቃ።
ጣሳውን ከደንሁት።

ትናንት ሲመሽ ወጣሁ እዚያው ዳገት ላይ፤
ቦኖው ሊዘጋ ነው፣ ሰልፍም የለ ሲታይ።
ጠባቂዋ ይርገዱ ቁልፏን አንጠልጥላ፣
«ልዘጋ ነው እንግዲህ! ማነው የዘገየ?» ብላ
ወደ ጨለማው ጮኸች።
ቢጫ ጀሪካን የያዘ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው፣
ስም እንደተጠራ ተማሪ ቀና ብሎ፣
«አቤት» አለ።